የወደብ ቋጠሮ

ቀሚሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ እኔን ጠይቁኝ፣
ስንት ክንድ ጨርቅ እንደበላ፣ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደነሣኝ።
ናርሲሳ፣ እናቷ፣ "ሮዝ አድርጊላት" ብትለኝ፣
ኖኤሊ ከት ብላ ሳቀች፦ "እማ፣ እኔ ከረሜላ ነኝ?"
አረንጓዴ መረጠች፤ ያልበሰለ ሎሚ ቀለም፣
ሲያዩት ጥርስ የሚያጠርስ። ብመክራት አልሰማችም።

ሱቄ ከባቡር ድልድይ ሥር ነው፣ በጄኖቫ ምዕራብ በኩል፣
ባቡር ባለፈ ቁጥር መርፌው ደንብሮ መስመር ይስታል።
እዚያ በርጩማ ላይ አቁሜ፣ ስፒል በከንፈሬ ይዤ ስለካት፣
በሦስት ሳምንት ሁለት ጣት አድጋ ጠርዙ አጠራት።
ፈታሁት፤ ደግሜ ሰፋሁት፤ ደግሞ አደገች፤ ተውኩት፣
ለሚመጣው ቁመቷ ትርፍ ጨርቅ ከውስጥ አጥፌ ደበቅኩት።

ወጉ ከጓያኪል ነው፤ ሴት ልጅ ዐሥራ አምስት ሲሆናት ይደገሳል፣
አባት ተንበርክኮ ጠፍጣፋውን ጫማ ከእግሯ ያወልቃል፣
ባለ ተረከዙን ያጠልቅላታል፤ ቫልስ ይከፈታል፣
ልጅነቷም አራት ጣት ዝቅ ብሎ ከተረከዟ ሥር ይቀራል።

የኖኤሊ አባት ግን...
ሞተም አይሉ፣ አለም አይሉ፤ በየገናው ድምፅ ይልካል፣
ድምፁም በፈላ ውሃ እንደታጠበ ሹራብ ከዓመት ዓመት ያጥራል።
"ጫማውን ማን ያጠልቅላት?" ብዬ ናርሲሳን ብጠይቃት፣
ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ሌላ መልስ አልነበራት።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ናርሲሳ ኦሬስቴን አስታመመች፣
አጥባ፣ አጉርሳ፣ የገዛ ስሙ ሲጠፋው እያቀበለች።
የወደብ ሠራተኛ ነበር፤ ዛሬ ዘመን ከዘመን ይምታታበታል፣
ሟች ሚስቱን በናርሲሳ፣ ናርሲሳን በመርከብ ስም ይጠራል።

አዳራሹ የኳስ ክበብ ነው፤ ዋንጫዎቹን በፊኛ ጋረድን።
ዐሥራ አራት አጃቢ ወንድ ይላል ወጉ፤ ሰባት አገኘን፣
አንዱ የሞሮኮ ልጅ፣ አንዱ የጄኖቫ፣ ሱፋቸው የየአጎታቸው፤
እጅጌውን ያጠፍኩበት ስፒል ሲደንሱ ወጋቸው።
የመጨረሻ አሻንጉሊቷን ለታናሿ ለዳሊላ ሰጠቻት፤
ሰጥታም አልለቀቀችም፣ በሕዝብ ፊት ጥቂት ጎተተቻት።

ከዚያ ሙዚቃው ቆመ። የጫማው ጊዜ ደረሰ።
ሰው ሁሉ ጣሪያ አየ፣ ብርጭቆ አነሣ፣ አጎነበሰ።
እሷ ግን ቀሚሷን ሰብስባ አዳራሹን አቋረጠች፣
በኦሬስቴ ተሽከርካሪ ወንበር ፊት ቆማ
የቀኝ እግሯን ከጉልበቱ ላይ አኖረች።

ሽማግሌው እግር አየ። ማሰሪያ አየ።
ሌላ ምንም አላየ።
ጭንቅላቱ የጣለውን እጁ አንሥቶ ኖሯል ለካ፤
ዞር አድርጎ፣ አሹልኮ፣ በጣቱ ርዝመቱን ለካ፣
ማዕበል በሚነሣበት ሌሊት መርከብ እንደሚታሰር አሰረ።
"ይህቺ" አለ፣ "የትም አትሄድም።"
እልል ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላው እያጨበጨበ ነበረ።

እስከ እኩለ ሌሊት ጨፈረች።
ቤት ገብታ ራሷ ያሰረችውን የግራውን ጫማ ፈታች፣
የቀኙ ግን እንቢ አለ፤ ናርሲሳ በሹካ ጫፍ ታገለች፣
ኋላም መቀሴን ፍለጋ በሌሊት ልብስ ወደ እኔ መጣች።
"እንዳትቆርጪው!" የሚል ጩኸት ከፎቅ ወረደ።
ልጅቷ በአንድ እግር ጫማ ተኛች።

እሑድ ጠዋት ዳገቱን ስትወጣ በመስኮት አየኋት፣
አንዱ እግሯ ተረከዝ፣ አንዱ ሸራ፣ እያነከሰች፤ እናቷ ከኋላዋ ናት።
የቀረውን ናርሲሳ ናት ያወጋችኝ፦
በሁለት ጣት ፈታው፤ ምንም ኃይል አልፈለገም።
ማሰሪያውን በመዳፉ እንደያዘ ወደ ባሕሩ ዞረ፤
ከዚያ መስኮት ባሕሩ አይታይም።

"የትኛዋ ናት የምትነሣው?" አለ።

"እኔ" አለችው ኖኤሊ፣
ሁለተኛውን ሸራ ጫማ ከቦርሳዋ እያወጣች።